የእማማ አበሩ አጥሚትና የእኔ ፈውስ

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሰቆጣ፣ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ቆሜ ሰሌዳ ላይ የቅጠል ሥዕል ስሥል ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት፤ እንደገና ወደቀ። ጣቶቼ ምን እንደያዙ አያውቁም ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ላነሣው ጎንበስ ስል እኔም አብሬው ወደቅሁ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው የተነሣሁት። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። አስተማሪ ሆና እንዴት ትሉ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ የማወራው ስለ ቅጠል ነው። ስለ ራሴ ግን ሰው ፊት አውርቼ አላውቅም። ስለዚህ ጽፌ መጥቻለሁ፤ ከወረቀት ሳነብ ታገሡኝ። በሩ ተዘግቶ ሁላችንም በሹክሹክታ ስለምናወራ ለእኔ ደካማ ድምፅ እንኳ ተመቸው፤ ጌታ ይመስገን። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ ምክንያቱን በዚህ ዘመን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ስለዚህ ፈውስ ስመሰክር ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን እዚያው ሰቆጣ መስክሬ ነበር። ግማሹ ልክ አልነበረም።

ያደግሁት ጎጃም፣ ቢቸና ነው። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ ገብስም ስንዴም ቤታችን የሚገባው ለበዓል ዳቦ ነበር። እናቴ ጾሟን የምትጾም፣ ቤተ ክርስቲያኗን የምትሳለም ሴት ናት። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ሕይወት ስማር እግዚአብሔርን በጸጥታ ተውኩት። ከማንም ጋር አልተከራከርኩም፤ የውይይት ክበቡ ላይም አፌን ከፍቼ አላውቅም። ሰው ማለት ሥጋና ኬሚካል ነው ብዬ በልቤ ደመደምኩና ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ሆዴን ማመም የጀመረኝም እዚያው ነበር። ጠዋት ጠዋት በመመገቢያ አዳራሹ ሻይና ዳቦ ይሰጡናል። ቀትር ሳይደርስ ሆዴ ይነፋል። ክሊኒክ ስሄድ አንዱ ጨጓራ ነው አለኝ፣ ሌላው የፈተና ጭንቀት ነው አለኝ። ለዕረፍት ቢቸና ስመለስ ይሻለኛል። እናቴም፣ «የእናት ቤት ነዋ!» ትለኛለች። ሥነ ሕይወት የተማርኩት ሰው ይህን እያየሁ አንድም ቀን፣ «እዚያ የምበላው፣ እዚህ የማልበላው ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ስመረቅ ሰቆጣ ተመደብኩ። አንዲት ክፍል የተከራየሁት ከእማማ አበሩ ግቢ ነው። እማማ አበሩ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ለውትድርና ሄዶ ደብዳቤው የጠፋባቸው ሴት ናቸው። ለልጃቸው ሊያጎርሱት የፈለጉትን ሁሉ ለእኔ አጎረሱኝ። ጠዋት በሶ በማር፣ ቀን የገብስ እንጀራ፣ ማታ የገብስ አጥሚት። ደጋው ገብስ ያበቅላል፤ እሳቸውም የገብሳቸው ነገር አይሆንላቸውም።

«አንቺ ልጅ፣» ይሉኛል ክንዴን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ «ጎጃም ነፋስ ነው እንዴ የሚበላው? ይኼ ክንድ ነው የዶሮ እግር?»

ሳምንታት እያለፉ ሲሄዱ ሰውነቴ ከዳኝ። ሆዴ አይቆምም። አፌ ውስጥ ቁስል ይወጣል። ክርኔ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ጣቶቼ ደነዘዙ። የወር አበባዬም ቆመ፤ ይህን ጉባኤ ፊት ማንበብ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ኋላ እንደምነግራችሁ፣ የደበቅሁት ነገር ሁሉ ነው የጎዳኝ፤ ስለዚህ አነበዋለሁ።

ስታመም ደግሞ እማማ አበሩ አጥሚቱን በቀን ሁለት ጊዜ አደረጉት። ደጋ ላይ ለታመመ ሰው፣ ለአራስም፣ ከእሱ የተሻለ የላቸውም። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ኩባያው ባዶ እስኪሆን አይነሡም። «ጠጪው! ቁልቁል አትዪው፣ ጠጪው!» እኔም እጠጣለሁ። ስጠጣ ይብስብኛል፣ ሲብስብኝ ይጨምሩልኛል። ወገኖቼ፣ እንደዚያ የወደደኝ ሰው አልነበረም፤ በየቀኑ የሚያሳምመኝም ከዚያ ፍቅር ውስጥ ነበር። ሁለታችንም አላወቅንም።

ያን ማክሰኞ ተማሪዎቼ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የተቀበሉኝ ጋሽ ተርፋሳ የሚባሉ ከወለጋ የመጡ ድሬሰር ነበሩ። የዓይኔን ቆብ ገልብጠው አዩና፣ «ደም የለሽም» አሉኝ። የደም ማነስ ኪኒን ሰጡኝ፤ ለአሜባ ሰጡኝ፤ ለወስፋት ሰጡኝ። በሳምንቱ ስመለስ ደግመው ሰጡኝ። እንደዚህ እያደረግን ወራት አለፉ። በዚህ መካከል በሽታዬን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እማማ አበሩ የሰው ዓይን ነው ይላሉ። የሒሳብ አስተማሪው ፍቅር ነው ይላል። ርዕሰ መምህሩ ስንፍና እንደሆነ ባያወጡትም በፊታቸው ይታያል።

አንድ ቀን ጋሽ ተርፋሳ ካርዴን ገለጡ፣ አነበቡት፣ ዘጉት።

«እህቴ፣» አሉኝ፣ «አላውቅም።»

እንዲህ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ደነገጥኩ።

«እኔ አላውቅም። የሚያውቅ ግን አለ። ብጸልይልሽ ትፈቅጅልኛለሽ?»

«እኔ እኮ አላምንም» አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ ለዛሬ የእኔ ይበቃናል። አንቺ ብቻ ቁጭ በዪ።»

ጸሎታቸው አጭር ነበር። እግዚአብሔርን እንደ ሰው ነበር የሚያነጋግሩት፤ ያልገባቸውን አልገባኝም ይሉታል። እኔ ለዓመታት ያስተማሩኝን ሰዎች እንኳ አልገባኝም ብዬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት እሳቸው ቤት መሄድ ጀመርኩ። አራት ሰዎች ነበርን፤ እሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ፣ ስልክ ቤት የሚሠራው ወንድም ሀብታሙና እኔ። ዝማሬያችን እንዳይሰማ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ውጪ ንግግርና የሰልፍ ዘፈን፣ ውስጥ በሹክሹክታ ዝማሬ!

አንድ እሑድ ጋሽ ተርፋሳ ስለዚያች ለብዙ ዓመት ታማ ገንዘቧን ለሐኪሞች ስለጨረሰች፣ ከኋላ መጥታ የጌታን ልብስ ጫፍ ስለነካች ሴት አነበቡ። ከኋላ መምጣቷ ገባኝ። እኔም ብሆን ከኋላ ነበር የምመጣው። አለቀስኩ፤ በዚያች ከሰዓት ኢየሱስን ጌታዬ አልኩት። መብረቅ አልወረደም፤ ሆዴም እንደታመመ ነበር። ግን ቤቴ ስመለስ ብቻዬን አልነበርኩም። ሃሌ ሉያ! እስከ ዛሬም ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ከታሪኩ ያልሰማሁት አንድ ነገር ነበር። ያቺ ሴት ነክታ ዝም ብላ አልሄደችም። እየተንቀጠቀጠች ፊቱ ቀርባ እውነቱን በሙሉ ተናገረች። ያን ክፍል ኋላ ነው የሰማሁት።

ካመንኩ በኋላ መጀመሪያ የተጣላሁት ከእማማ አበሩ ጠላ ጋር ነው። ለሚካኤል ጠምቀው አንድ ዋንጫ ይዘውልኝ መጡ። አልጠጣም አልኳቸው።

«ጴንጤ ሆናለች ይሉኛል ሰዎቹ፤ እኔ ምን አገባኝ እያልኩ ነበር» አሉኝ። ዋንጫውን አልመለሱትም፤ እንደያዙት ቆሙ። «የእኔን ቤት እህል ልትጸየፊው ነው?»

«ኧረ እማማ! መጠጥ ብቻ ነው። ምግብዎን እንዴት ብዬ!»

«እንግዲያ ብዪ!»

በላሁ። እንዳልጸየፍኳቸው እንዲያምኑ በሶውን ሁለት እጥፍ በላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አበሩ የሰጡኝን እህል መመለስ እምነቴ እሳቸውን እንደናቀ መመስከር ሆነብኝ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክረምት ሲመጣ አስተማሪዎች ለመሠረተ ትምህርት ወደ ገጠር ተላክን። እኔን የደረሰኝ አበርገሌ ነው፤ ተከዜ አጠገብ ያለው ቆላ። ሰቆጣ ያለ ሁሉ አለቀሰልኝ። «ደገኛው ጤነኛ የማይችለውን ወባ አንቺ ልትችዪው?» አሉ እማማ አበሩ። አንድ ስልቻ በሶም ሊያሸክሙኝ ነበር፤ የአህያው ጭነት ሞላና ቀረ። ያን ጊዜ እንደ ቅንጣት ነገር አየሁት፤ ዛሬ ሳስበው ጌታ ይመስገን እላለሁ።

ከመሄዴ በፊት ወንድም ሀብታሙ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። ድምፁ ከሬዲዮኑ በላይ እንዳይወጣ እትዬ ጫልቱ ክንዱን ሁለት ጊዜ ነካ አደረጉት። «ተፈውሰሻል!» አለኝ። «ሄደሽ ታዪዋለሽ።»

ወገኖቼ፣ ሄጄ አየሁት። ቆላው ገብስ የለውም፤ ያረፍኩበት ቤት የሚበላው የማሽላ እንጀራ ነው፤ የፍየል ወተት ነው፤ አንዳንዴ ማር። በሦስተኛው ሳምንት ሆዴ ዝም አለ። አፌ ዳነ። ክርኔ ደረቀ። በሁለተኛው ወር የወር አበባዬ ተመለሰ፤ ጠመኔም ከእጄ መውደቁ ቀረ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ትንኝ መካከል ጉንጬ ሞላ። እንደገና ሰቆጣ ስገባ እማማ አበሩ አላወቁኝም። ከዚያ እልል አሉ። «ሰው ሊሞት ይወርዳል፣ አንቺ ልትወፍሪ ወረድሽ!»

በዚያው ሳምንት እሑድ መሰከርኩ። «ጌታ ፈጽሞ ፈውሶኛል፤ በሽታው ሄዷል» አልኩ። ሁላችንም አለቀስን። ወንድም ሀብታሙ ደስታው አላስቻለው፤ በሌላ ከተማ ላሉ ወንድሞች ፈውሴን ጽፎ ላከ።

እማማ አበሩ ግን ለመመለሴ የገብስ ገንፎ በቅቤ አገንፍተው ጠብቀውኝ ነበር። አጥሚቱም ተመለሰ፤ በሶውም ተመለሰ። ምስክርነት ከሰጠሁ አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ ሆዴ ነፋ። አፌ ውስጥ ያ ቁስል ወጣ።

አሁን የማነበው የማፍርበትን ነው። ደበቅሁ። ወንድም ሀብታሙ በየእሑዱ፣ «እህታችን እንዴት ነሽ?» ሲለኝ፣ «ተፈውሻለሁ» እላለሁ። «አሜን!» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ነው የሚያምነው። «የተፈወሰ ሰው ምልክት ቢያይ እንኳ ምልክቱን ይካድ» ብሎ አስተምሮናል። እኔም ካድኩ። ሆዴን ካድኩት፣ ጣቶቼን ካድኳቸው። ጋሽ ተርፋሳ ጥፍሬን ማየት ሲጀምሩ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ የጌታን እራት ስንወስድ የስንዴውን ዳቦ ከሁሉም ጋር እቆርሳለሁ፤ ሰኞ አልጋ ላይ እውላለሁ።

ሕመሙ ከፊተኛው የባሰ አልነበረም። የባሰው ሌላ ነው። ጌታ ሰጥቶ ወሰደብኝ ወይ? ወይስ መጀመሪያውኑ አልሰጠኝም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት? ሁለቱንም ማሰብ ስላቃተኝ መጸለይ ተውኩ። ለስድስት ሳምንት ያህል በሹክሹክታ እየዘመርኩ ልቤ ውስጥ ማንንም አላናገርኩም። ወገኖቼ፣ አካሌ ብቻ አልነበረም የሚሞተው።

ከዚያ ወደቅሁ። ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ወደቅሁ ሲባል ትልቅ ይመስላል፤ አንድ ደረጃ ነው፤ ሕፃን የሚስቅበት አወዳደቅ። በቀኝ እጄ ተደገፍኩ፤ አንጓዬ ተሰበረ። ጋሽ ተርፋሳ በጣውላ አሥረው፣ ወረቀት ጽፈው በጭነት መኪና ወደ ደሴ ላኩኝ። መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። እማማ አበሩ እያለቀሱ ለመንገድ በሶ ቋጠሩልኝ፤ እኔም ምግብ ስላላሰኘኝ የታመመ እጄን አመካኝቼ ለሾፌሩ ረዳት ሰጠሁት።

ደሴ ያዩኝ ሐኪም ያረጁ፣ መነጽራቸውን በክር ያሠሩ ሰው ነበሩ።

«ከየት ነው የወደቅሽው?»

«ከደረጃ።»

«ስንት ደረጃ?»

«አንድ።»

ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥተው ተመለከቱ። «ይኼ የአንቺ አጥንት ነው ወይስ የአያትሽን ይዘሽ መጣሽ?»

 ምላሴን አስወጡኝ፤ ጥፍሬን አዩ፤ የቀሚሴን እጅጌ ከፍ አድርገው ክርኔን አዩ። ከዚያ መቀመጫ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ሁሉንም አንድ በአንድ ንገሪኝ። ይኼ አያስፈልገውም ብለሽ እንዳታስቀሪ። ሰው የሚያስቀረው ነው አብዛኛውን ጊዜ እኔ የምፈልገው።»

የሆዴን ነገርኳቸው። የጣቶቼን ነገርኳቸው። የወር አበባዬን መሬት እያየሁ ነገርኳቸው።

«ደህና የነበርሽበት ጊዜ የለም?»

 አበርገሌን ልንገራቸው ካልኩ ፈውሴን መናገር አለብኝ፤ ፈውሴን ከተናገርኩ መጥፋቱን መናገር አለብኝ። ያን ለነፍሴ እንኳ አልተናገርኩትም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያቺ ሴት ትዝ ያለችኝ፤ እየተንቀጠቀጠች እውነቱን በሙሉ የተናገረችው። ነገርኳቸው። ጸሎቱን፣ ቆላውን፣ ምስክርነቱን፣ መደበቄን። ሐኪሙ እምነታቸው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አልሳቁብኝም።

«አበርገሌ ምን ትበዪ ነበር?» አሉኝ።

«ማሽላ። ወተት። ማር አንዳንዴ።»

«ዳቦ?»

«የለም።»

«ገብስ? በሶ?»

«ቆላ ነው፤ የለም።»

«ሰቆጣስ?»

አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ። ጠዋት በሶ፣ ቀን የገብስ እንጀራ፣ ማታ አጥሚት። ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲው ዳቦ። ከዚያ በፊት ቢቸና፣ ጤፍ። ሐኪሙ ከመደርደሪያቸው ወፍራም መጽሐፍ አውጥተው እያገላበጡ ነበር።

«ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ» አሉ። «አንዳንድ ሰው አይስማማውም። አንጀቱ ይቆስልና የበላው አይሠርጽለትም። እየበላ ይራባል ማለት ነው። ስለዚህ ሆዱ ብቻ አይታመምም፤ ደሙ ሊያንስ ይችላል፣ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል፣ የወር አበባም ሊቆም ይችላል። የክርንሽ ሽፍታ ከዚሁ ሊሆን ይችላል። የጣትሽ መደንዘዝ... ምናልባት። ወይም ሌላ ነገር ነው። በርግጠኝነት አልነግርሽም። ለማረጋገጥ ከአንጀትሽ ቅንጣት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት ነበረበት፤ እዚህ ይህን አናደርግም። እኔ ይህን በሽታ በመጽሐፍ እንጂ በሰው አይቼው አላውቅም።»

«ዶክተር፣ የዋግ ሕዝብ እኮ ሁሉም ገብስ ነው የሚበላው።»

«ይብላ! ሕዝቡ የአንቺን አንጀት አልተዋሰም። አንቺ ግን ስንዴም ገብስም ትተሽ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ ብዪና ጄሶው ሲፈታ ተመልሰሽ ንገሪኝ። ያለኝ ምርመራ እሱ ነው።»

«እንግዲያ አልተፈወስኩም ነበር ማለት ነው?»

መጽሐፉን ዘጉት። «ይኼን እኔን አትጠይቂኝ። እኔ የማውቀው የበላሽውን ነው።»

ደሴ አክስቴ ቤት ተቀመጥኩ፤ ጤፍና ሩዝ በላሁ። እጁን የጫነብኝ ሰው የለም፣ ቆላም አልወረድኩም፤ ነገር ግን እንደ አበርገሌው በሦስተኛው ሳምንት ሆዴ ዝም አለ። አንድ ጠዋት ጄሶዬን ታቅፌ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ አበርገሌ ላይ ያሳየኸኝን በደንብ ሳላየው ነው የመሰከርኩት። አንተ መልሱን ሰሃኔ ላይ አስቀምጠህልኝ ነበር፤ እኔ ቀና ብዬ ብቻ ነበር የማየው።» ከዚያ በላይ አልጸለይኩም። በዚያ ጠዋት ግን እንዳልተወኝ አወቅሁ። ክብር ለእርሱ ይሁን! ጄሶው ሲፈታ ለሐኪሙ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ካርዴ ላይ ጻፉትና፣ «ምናልባቱ ትንሽ ጠነከረ» አሉ።

ሰቆጣ የደረስኩት ቅዳሜ በገበያ ቀን ነው። መኪናው እንዳወረደኝ ከአበርገሌ ሰዎች ማሽላ ገዛሁ፤ ቤቴ ሳልገባ። እማማ አበሩ ለቅሶ ወደ ገጠር ሄደው ነበር፤ ስለዚህ ያን ማታ ከእሳቸው ፊት ተረፍኩ። በማግሥቱ እሑድ ግን የጌታ እራት ቀን ነበር። ዳቦው ሳይቆረስ ተነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ። አሁን ለእናንተ እንዳነበብኩት ሳይሆን፣ እየተንተባተብኩ።

ወንድም ሀብታሙ ፊቱ ቀላ። «ታዲያ ደብዳቤውስ?» አለ።

«ሌላ ትጽፋለሃ!» አሉት እትዬ ጫልቱ። «የስልክ ቤት ሰው ወረቀት አጣ?»

ራሱ ሀብታሙ ሳቀ፤ ከዚያ አቀረቀረ። «እንድትደብቂ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ» አለኝ። አይደለህም ልለው አልቻልኩም፤ ብቻህን አይደለህም አልኩት።

ጋሽ ተርፋሳ ካርዴን ያዩ ይመስል መዳፋቸውን ገልጠው እያዩ፣ «ለአሜባ ስድስት ጊዜ አከምኩሽ» አሉ። «አላውቅም ብዬ ነበር፤ ከዚያም እንደሚያውቅ ሰው ኪኒን መስጠቴን ቀጠልኩ። እኔንም ይቅር በዪኝ።» ያን እሑድ ዳቦውን አልቆረስንም። እትዬ ጫልቱ መልሰው ሸፈኑትና፣ «የሚመጣው እሑድ የማሽላ ቂጣ እጋግራለሁ፤ ሁላችንም ከእሱ እንቆርሳለን» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። አንድ ሰው ብቻዋን እንዳትቀር አራታችንም ከአንድ ቂጣ ቆረስን። ጌታ ይመስገን።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ደህና ነኝ። ደሜ ሞልቷል፤ ጠመኔ አይወድቅብኝም። ትንሿ ጣቴ አሁንም ትደነዝዛለች፤ ይህንንም እናገራለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ግማሽ ልክ የሆነ ምስክርነት መስጠት አልፈልግም። በሽታዬ ሐኪሙ ያሉት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ በመሣሪያ አልተረጋገጠም። እኔም ሆዱን የታመመ ሁሉ ገብስ ይተው አልልም፤ ሐኪም ጠይቁ፣ የምትበሉትንም የሚሰማችሁንም ሳታስቀሩ ንገሩ። ጌታ ግን ያ ሁሉ ሲሆን አብሮኝ ነበር፤ አህያው በሞላበት ቀን፣ አንድ ደረጃ በወደቅሁበት ቀን፣ «አላውቅም» ባሉኝ ሰው አፍ። ታምኑት ዘንድ የምለምናችሁ ለዚህ ነው። ታማችሁ ከሆነ ድኛለሁ ሳትሉ ወደ እርሱ ኑ። እንደታመማችሁ ይቀበላችኋል፤ እኔን እንደዚያ ተቀብሎኛል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ የዚያ እሑድ ማግሥት ጠዋት።

ሰኞ ገና ፀሐይ ስትወጣ እማማ አበሩ ከለቅሶ ተመልሰው በሬን አንኳኩ። በእጃቸው ኩባያ ይዘዋል፤ አጥሚት ነው፤ ይጨሳል። «መጣሽልኝ! እጅሽን አሳዪኝ። ያዢ፣ ገና ከእሳት ማውጣቴ ነው።»

ሌሊቱን የማስበው ይህን ነበር። ከዶክተሩ በላይ፣ ከሀብታሙ በላይ የፈራሁት ይህን ኩባያ ነው። ዋንጫውን የመለስኩባቸው ቀን ፊታቸው ምን እንደሆነ አይቻለሁ።

«እማማ፣ ገብስ አይስማማኝም» አልኳቸው። «ሐኪም ነው ያለኝ። የሚያሳምመኝ እሱ ነበር። ደብቄዎት ኖርኩ።»

ኩባያውን እንደያዙ ቆሙ። «ሃይማኖትሽ ነው?»

«አይደለም እማማ። ሆዴ ነው።»

«ማይልኝ።»

«በሚያምኑት ሁሉ፤ ሆዴ ነው።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። በኽምጣኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አሉ፤ አልገባኝም። ከዚያ በአማርኛ፣ «እንግዲያ እኔ ነኛ ስገድልሽ የከረምኩት!» አሉና ኩባያውን መሬት አስቀመጡት።

 ክፍሌ ገብቼ የገዛሁትን ማሽላ ይዤ ወጣሁና እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። «እማማ፣ ይኼን በእጅዎ ይሥሩልኝ። ሌላ ሰው እጅ አልፈልግም።»

ከረጢቱን ከፍተው እፍኝ ሙሉ ዘገኑና አዩት። «ማሽላ! አገር ምን ይለኛል? አስተማሪዋን የቆላ ማሽላ አበላቻት ሊሉኝ ነው?»

«ይበሉ እማማ። ደግሞ... ከመፍጨትዎ በፊት ወፍጮው ይታጠብ። የገብሱ ዱቄት አለበት።»

«ወፍጮ ይታጠባል እንዴ? እንዴት ያለ ነገር አመጣሽብኝ በማለዳ!» አሉ፤ ግን ተነሥተው ነበር። በእንስራ ውኃ አመጡ። እሳቸው ያፈሳሉ፣ እኔ በግራ እጄ በመጥረጊያ እፈትጋለሁ፤ ነጩ ውኃ በግቢው እየወረደ ሄደ። ሦስት ጊዜ አጠብነው። ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁትና ማሽላውን ፈጩ፤ ገንፎ አገነፉ፤ ከአንድ ገበታ አብረን በላን። ቀምሰው ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ግን አልተዉትም።

«የአጥሚቱን ነገር ግን፣» አሉ ጣታቸውን እየላሱ፣ «በማሽላ እሞክረዋለሁ።»

እጄን ታጥቤ፣ ጠመኔዬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።